«መጨረሻውን እንዳትነግረኝ!»

ፍጻሜው አስቀድሞ የታወቀ ፊልም በእርግጥ ይበላሻልን?

በአዲስ አበባ ሲኒማ ቤቶች ደጃፍ ተሰልፎ የሚያውቅ ሰው አንድ ትዕይንት አይረሳውም። የስምንት ሰዓቱ ተመልካች እየወጣ፣ የዐሥር ሰዓቱ ተመልካች ደግሞ ትኬቱን እንደ ጨበጠ በር ላይ ይተላለፋሉ። ከሚወጡት መካከል አንዱ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከወሬው ሳቁ የሚቀድመው ወጣት፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ለካስ ገዳዩ ወንድሙ ነው!» ይላል። ሰልፉ ያጉረመርማል፤ አንዳንዱ ዘግይቶ ጆሮውን ይይዛል፤ አንዳንዱም «ምነው ባልሰማሁ» እያለ፣ ነገር ግን ትኬቱን ሳይመልስ ይገባል። ያ ወጣት ከሰልፈኞቹ ላይ የወሰደው ነገር ምንድን ነው? የትኬቱን ዋጋ ግማሽ? ሩቡን? ወይስ ምንም አልወሰደም?

እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች እንዲህ ያለውን ወሬ «ስፖይለር» ይሉታል፤ በቁሙ ሲፈታ «አበላሽ» ማለት ነው። ስያሜው ጉዳዩ ሳይመረመር ፍርዱን አስቀድሞ የሰጠ ነው። የሥነ ልቦናና የአንጎል ጥናት ባለሙያዎች ግን ጥያቄውን ወደ ቤተ ሙከራ አስገብተው ሲፈትሹት፣ ያገኙት መልስ ሰልፈኞቹም ሆኑ ያ ወጣት ከሚገምቱት የተለየና በቀላሉ የማይቋጭ ሆኖ ተገኝቷል።

ፊልም ሠሪዎቹ እንኳ ጉዳዩን እንደ ቀልድ አላዩትም። ፈረንሳዊው ዳይሬክተር ኦንሪ ዦርዥ ክሉዞ እ.ኤ.አ. በ1955 ያወጣው «ሌ ዲያቦሊክ» የተሰኘ ፊልም ሲያበቃ፣ ተመልካቹ ያየውን ለወዳጆቹ እንዳይናገር የሚማጸን ጽሑፍ ስክሪኑ ላይ ይወጣል። አልፍሬድ ሂችኮክ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1960 «ሳይኮ»ን ለእይታ ሲያቀርብ ፊልሙ ከተጀመረ በኋላ ማንም ሰው ወደ አዳራሹ እንዳይገባ አስከለከለ። በዚያ ዘመን የአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች ፊልሙን ሳያቋርጡ ደጋግመው ያሳዩ ስለ ነበር፣ ሰው በመሐል ገብቶ መጨረሻውን አስቀድሞ ማየቱ፣ ከዚያም መጀመሪያውን ተመልክቶ መውጣቱ የተለመደ ነበርና ክልከላው ብዙዎችን አስገርሟል።

እዚህ ላይ አንባቢን አንድ ነገር ላረጋግጥ። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱትን ፊልሞች ፍጻሜ አልናገርም። «ታይታኒክ» ብቻ ከዚህ ውጭ ነው፤ መርከቧ እ.ኤ.አ. በ1912 መስጠሟን የሰማ ሰው ቅር ይለዋል ብዬ አላስብም።

ዐሥራ ሁለት አጫጭር ልብ ወለዶች

ጉዳዩን በስፋት ካነጋገሩት ሙከራዎች አንዱ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው፣ በሳንዲያጎ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጆናታን ሌቪትና ኒኮላስ ክሪስተንፌልድ ያካሄዱት ነው። ሁለቱ ምሁራን የተጠቀሙት በፊልም ሳይሆን በአጫጭር ልብ ወለዶች ሲሆን፣ ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ልብ ወለድን በቀላሉ በተለያየ መልክ አዘጋጅቶ ለተለያዩ ሰዎች መስጠት ይቻላል። ዐሥራ ሁለት ታሪኮች ተመረጡ፤ ከደራስያኑ መካከል ቼኾቭ፣ አጋታ ክሪስቲና ሮልድ ዳል ይገኙባቸዋል። ታሪኮቹ በሦስት ወገን የተከፈሉ ነበሩ፤ ያልተጠበቀ ፍጻሜ ያላቸው፣ የወንጀል ምርመራ ታሪኮችና ከሴራ ይልቅ በስሜትና በገጸ ባሕርይ ላይ የሚያተኩሩ ጽሑፎች።

እያንዳንዱ ታሪክ በሦስት ዓይነት ተዘጋጀ። አንደኛው እንዳለ የቀረበ ነው። በሁለተኛው ከታሪኩ በፊት ፍጻሜውን የሚገልጥ አጭር አንቀጽ ታከለበት። በሦስተኛው ይኸው አንቀጽ የታሪኩ አካል መስሎ መግቢያው ላይ ገባ። ከስምንት መቶ በላይ ተማሪዎች አንብበው ምን ያህል እንደ ወደዱት ከአንድ እስከ ዐሥር ነጥብ እንዲሰጡ ተጠየቁ፤ ታሪኩን ቀድሞ የሚያውቅ ሰው መልሱ አልተቆጠረም። ውጤቱ ያልተጠበቀ ሆነ። ፍጻሜው አስቀድሞ በተለየ አንቀጽ የተነገራቸው አንባብያን ታሪኩን ከሌሎቹ የበለጠ ወደዱት። ይህም የወንጀል ምርመራ ታሪኮችን ጨምሮ በሦስቱም ወገኖች ታየ። አንቀጹ በታሪኩ ውስጥ ሲቀላቀል ግን ጥቅምም ጉዳትም አላሳየም።

ተመራማሪዎቹ ያቀረቡት ማብራሪያ ከአእምሮ አቅም ጋር የተያያዘ ነው። አእምሮአችን በአንድ ጊዜ ሊይዝ የሚችለው መረጃ ውሱን ነው። አዲስ ታሪክ ስንከታተል ማን የማን ዘመድ እንደ ሆነ፣ የቱ ፍንጭ እንደሚጠቅምና የቱ እንደሚያሳስት፣ ቀጥሎ ምን ሊመጣ እንደሚችል በአንድነት መያዝ ይኖርብናል። መድረሻው የታወቀ እንደ ሆነ ከዚህ ሸክም ከፊሉ ይወርዳል፤ የተረፈውም ትኩረት ወደ ቋንቋው፣ ወደ ገጸ ባሕርያቱ የውስጥ ስሜትና ወደ ንግሮቹ ይዞራል። ንግር ማለት ደራሲው ወደፊት የሚሆነውን በስውር የሚጠቁምበት ዘዴ መሆኑን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተማርን እናስታውሳለን። ንግርን እንደ ንግር የሚያየው ደግሞ ፍጻሜውን የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው።

ይህ ግኝት በጋዜጦች ሲሰራጭ «ሳይንስ መጨረሻውን ንገሩ አለ» ወደ ማለት አዘነበለ። አራት ዓመት ሳይቆይ ግን በአምስተርዳም ቤንጃሚን ጆንሰንና ጁዲት ሮዘንባውም በሌሎች ተማሪዎችና በአጫጭር ታሪኮች ተመሳሳይ ፍተሻ አካሄዱና ተቃራኒውን አገኙ፤ ፍጻሜያቸው ያልተገለጠ ታሪኮች ይበልጥ አዝናኝና ልብ ሰቃይ ሆነው ተመዘኑ። ታዲያ ከሁለቱ ማን ተሳሳተ?

በእኔ እምነት ማንም አልተሳሳተም፤ የተለያየ ነገር ነው የለኩት። በመጀመሪያው ሙከራ የተጠየቀው አንድ ጥያቄ ነው፤ «ምን ያህል ወደድከው?» የሚል። በሁለተኛው ግን መዝናናት፣ ልብ መሰቀል፣ መነካትና በታሪኩ መመሰጥ ለየብቻቸው ተመዝነዋል። «ወደድኩት» የምንላት አንዲት ቃል እነዚህን ሁሉ በአንድ ከረጢት ትከታለች። በተጨማሪም ሁሉም ሰው አንድ አይደለም። ጆንሰንና ሮዘንባውም በቀጣዩ ዓመት ባወጡት ጥናት፣ ጥልቅ ስሜትን የሚሹ ሰዎች ፍጻሜው ያልተገለጠ ታሪክ ይበልጥ እንደሚያስደስታቸው፣ ብዙ ማሰላሰል የማያዘወትሩ ሰዎች ደግሞ ፍጻሜው የታወቀውን ታሪክ መምረጥ እንደሚቀናቸው አመልክተዋል። ስለዚህ የጓደኛሞች ክርክር የማይቋጨው ተከራካሪዎቹ ግትር ስለ ሆኑ ብቻ አይደለም፤ በእርግጥም ከአንዱ ፊልም የሚቀዱት ደስታ የተለያየ ነው።

ድንገተኛውና ልብ ሰቀላው

ሂችኮክ ከፈረንሳዊው ዳይሬክተር ፍራንሷ ትሩፎ ጋር ባደረገውና እ.ኤ.አ. በ1966 በመጽሐፍ በወጣው ቃለ ምልልስ፣ ሁለት የሚምታቱ ነገሮችን በአንድ ምሳሌ ለይቷቸዋል። ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ተራ ወሬ ያወራሉ፤ በድንገት ከጠረጴዛው ሥር ቦምብ ይፈነዳል። ተመልካቹ ለጥቂት ሰከንዶች ይደነግጣል። አሁን ደግሞ ተመልካቹ ቦምቡን አስቀድሞ አይቶታል፤ የሚፈነዳበትንም ሰዓት ያውቃል፤ ሰዎቹ ግን አያውቁም። ያው ተራ ወሬ በዚህ ጊዜ የሚያስጨንቅ ይሆናል። ተመልካቹ ለደቂቃዎች «ኧረ ተነሡ!» እያለ በልቡ ይጮኻል። የመጀመሪያው ድንገተኛ ነው፤ ሁለተኛው ልብ ሰቀላ ነው። ልብ ሰቀላ ከማወቅ የሚመነጭ መሆኑን ልብ ይሏል።

ድንገተኛው በአንጎል ውስጥ የራሱ አሠራር አለው። ቮልፍራም ሹልትዝና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጡት ታዋቂ ጽሑፍ እንደ ተብራራው፣ ዝንጀሮ ያልጠበቀው ጭማቂ ሲደርሰው ዶፓሚን የተባለውን ኬሚካል የሚያመነጩ የነርቭ ሕዋሳቱ በብርቱ ይነቃቃሉ። ከጭማቂው በፊት ዘወትር ምልክት እየታየው ከተለማመደ ግን ሕዋሳቱ የሚነቃቁት በምልክቱ ጊዜ ነው፤ ጭማቂው ራሱ ሲመጣ ለውጥ አይታይባቸውም። የተጠበቀው ጭማቂ ከቀረ ደግሞ እንቅስቃሴያቸው ከተለመደው በታች ይወርዳል። ሕዋሳቱ የሚመዘግቡት በተጠበቀውና በሆነው መካከል ያለውን ልዩነት ነው ማለት ነው። ፊልምና ጭማቂ አንድ አይደሉምና ምሳሌውን ከልኩ በላይ መለጠጥ አይገባም፤ ነገር ግን ድንገተኛ ፍጻሜ ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚሠራ ነገር ስለ መሆኑ ጥሩ ፍንጭ ይሰጣል። የሲኒማ ቤቱ ደጃፍ ወጣት የሰረቀው ይህንን ነው፤ ጥቂት ሰከንዶች፣ ግን የማይመለሱ ሰከንዶች።

ልብ ሰቀላው ግን የሚገርም ነው፤ ብንሰርቀውም አይጠፋም። ለዚህ ከሲኒማ ይልቅ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ የሚቀርብ ምስክር አለ። እ.ኤ.አ. በ2000 በሲድኒ ኦሎምፒክ የ10,000 ሜትር ፍጻሜ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን የቀደመው በ0.09 ሰከንድ ነው፤ በርቀት ቢሰላ ከአንድ ሜትር ያነሰ ነው። ይህን ሩጫ በቴሌቪዥን ስንት ጊዜ ደግመን አይተነዋል? ውጤቱን የማያውቅ ማን አለ? ሆኖም ቴርጋት በመጨረሻው ዙር ሲያፈተልክ ከመቀመጫችን ብድግ እንላለን፤ መዳፋችን ይረጥባል፤ «አይደርስበትም» የሚል ሥጋት ለቅጽበት ሽው ይላል። አጎቴ ይህን ቅጂ ባየ ቁጥር በመጨረሻዎቹ ሜትሮች ላይ ዓይኑን ይሸፍናል።

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ሪቻርድ ጌሪግ እ.ኤ.አ. በ1989 ይህንኑ ክስተት በቤተ ሙከራ ለክቶታል። ሁሉም ሰው የሚያውቀውን የታሪክ እውነት፣ ለምሳሌ ጆርጅ ዋሽንግተን የአሜሪካ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት መሆናቸውን፣ አጠራጣሪ በሚያስመስል አጭር ትረካ አስቀደመው። ከዚያም አንባብያኑ ያንን እውነት «ትክክል» ወይም «ስሕተት» እንዲሉ ጠየቃቸው። ሁሉም እውነቱን እያወቁ እንኳ ልብ ሰቃዩን ትረካ ያነበቡት ለመመለስ ጥቂት ዘገዩ። እንደ ጌሪግ አባባል፣ ትረካ ውስጥ የገባ አእምሮ የተለመደ ሥራውን ይሠራል። በሕይወት ውስጥ እያንዳንዱ ቅጽበት አዲስ ስለ ሆነ፣ ታሪክ ስንከታተልም መልሱን ከትውስታ ማኅደር ለመፈለግ አንሄድም፤ ከፊታችን ያለውን ብቻ እንከተላለን። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው «ታይታኒክ» መርከቧ እንደምትሰጥም እያወቀ ወደ አዳራሹ የገባውን ሁሉ ከሦስት ሰዓት በላይ አስቀምጦ የያዘው በዚህ ሳይሆን አይቀርም። ልጆችም አንዱን ተረት «ድገሚልኝ» እያሉ አያታቸውን የሚያደክሙት መጨረሻው ጠፍቶባቸው አይደለም። ሊያውም አያት አንዲት ቃል ብትለውጥ «እንደሱ አይደለም!» ብለው ያርሟታል።

ያየነውን ስናወራ

እስካሁን ያልነው ስለ አድማጩ ነው። ፊልም ወዳዶች ሰብሰብ ብለው ሰሞኑን ስላዩት ሲያወሩ በአንጎላቸው የሚሆነው ነገር ግን ከሁሉ ይበልጥ አስደናቂ ነው። ዩሪ ሃሰንና ባልደረቦቹ ሰዎች ፊልም ሲያዩ የአንጎላቸውን የደም ፍሰት በሚከታተል የኤም አር አይ መሣሪያ ለዓመታት አጥንተዋል። እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጡት ሥራ፣ ሂችኮክ ለቴሌቪዥን በሠራው አንድ ትዕይንት ወቅት የተመልካቾቹ ምላሽ ከአንጎል ቅርፊታቸው ከ65 በመቶ በሚበልጠው ክፍል ላይ እርስ በርሱ ተመሳስሎ ተገኘ። ኒው ዮርክ በሚገኝ መናፈሻ ያለ ምንም ቅንብር የተቀረጸ ተራ ምስል ሲታይ ግን ተመሳስሎው ከ5 በመቶ በታች ነበር። የተካነ ዳይሬክተር የማይተዋወቁ ሰዎችን አንጎል ለአንድ ሰዓት ያህል በአንድ ዜማ ያስኬዳል ብንል ማጋነን አይሆንም።

የዚሁ ቡድን ሌላ ሙከራ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው፣ ፊልም ያየ ሰው ያየውን በቃሉ ሲተርክና ፊልሙን ፈጽሞ ያላየ ሰው ትረካውን ሲያዳምጥ ምን እንደሚሆን ፈተሸ። በአንዳንድ የአንጎል ክፍሎች፣ በተለይም ሰፋ ያለ ታሪክን አገናኝተው በሚይዙት፣ አድማጩ የሚያሳየው ንድፍ ተመልካቹ ፊልሙን ሲያይ ካሳየው ጋር ይቀራረብ ነበር። ትኬት መግዣ ያልነበረን ልጆች በሠፈር ጥግ ከብበን የምናዳምጠው ያ ፊልም ተራኪ ጓደኛችን፣ ክንዱን እያወናጨፈ ቡጢውን ሁሉ በድምፅ እያጀበ ሲተርክልን፣ በእርግጥም ፊልሙን በከፊል ያሳየን ነበር ማለት ነው።

ወደ ተነሣንበት ጉዳይ በቀጥታ የሚመልሰን ግን አሲዬ ዛድቡድና ተባባሪዎቿ እ.ኤ.አ. በ2022 ያሳተሙት ጥናት ነው። የተጠቀሙበት ፊልም እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው የኤም ናይት ሺያማላን «ስድስተኛው የስሜት ሕዋስ» ነው። በፊልሙ መጨረሻ የሚገለጥ አንድ እውነት ቀድሞ የታየውን ትዕይንት ሁሉ ወደ ኋላ ተመልሶ ትርጉሙን ይለውጠዋል። ተመራማሪዎቹ ፊልሙን ከዚህ ቀደም ያላዩ ሰዎችን በሦስት ቡድን መደቡ። የመጀመሪያው ቡድን እንደ ማንኛውም ተመልካች በመጨረሻው እውነቱን ደረሰበት። ለሁለተኛው ከጅምሩ ተነገረው። ሦስተኛው ግን እውነቱ የሚገለጥበት ክፍል ተቆርጦ ስለ ቀረበለት ከነጭራሹ ሳያውቅ ቀረ። ከዚያም ሁሉም ያዩትን እንዲተርኩ ተደረገ።

የመጀመሪያው ቡድን አባላት ፊልሙን እያዩ ሳሉ፣ ታሪክን በማገናኘት በሚታወቀው የአንጎል መረብ አንዳንድ ክፍሎች የታየባቸው ንድፍ እውነቱን ፈጽሞ ካላወቁት ቡድን ጋር ይቀራረብ ነበር። ይህ የሚጠበቅ ነው። በሚተርኩበት ጊዜ ግን ንድፋቸው አስቀድሞ ወደ ተነገራቸው ሰዎች ቀረበ። ያንኑ ትዕይንት ነው የሚያስታውሱት፤ ነገር ግን ሲያዩት እንደ ነበረው አይደለም የሚያስታውሱት። አዲሱ እውቀት ገብቶ አሮጌውን ትውስታ አድሶታል።

ይህ ውጤት ስለ ፊልም ወሬ አንድ የማይመች ነገር ይነግረናል። ፊልሙን ያየ ሰው ያላየውን ሰው ቦታ መያዝ ያዳግተዋል፤ ከጥቂት ሰዓታት በፊት የነበረውን የራሱን አለማወቅ እንኳ እንደ ነበረ መልሶ አያገኘውም። እ.ኤ.አ. በ1990 ኤልዛቤት ኒውተን በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ባካሄደችው ሙከራ አንዳንድ ተሳታፊዎች የታወቀ ዘፈን ምት በጣታቸው ጠረጴዛ ላይ እንዲመቱ፣ ሌሎቹ ደግሞ ዘፈኑን እንዲያውቁ ተደረገ። መቺዎቹ አድማጮቹ ግማሽ ያህሉን እንደሚያውቁ ገመቱ፤ ከ120 ዘፈኖች የታወቁት ግን ሦስት ብቻ ነበሩ። መቺው በጆሮው ውስጥ ሙሉው ዜማ ስለሚሰማው፣ ለአድማጩ የሚደርሰው ባዶ ኳኳታ መሆኑ አይታየውም። ፊልም አይቶ የመጣ ወዳጅም እንዲሁ ነው። «ምንም አልነገርኩህም እኮ፤ ብቻ ያቺን ሴትዮ ልብ በላት» ይልና ሁሉን ነገር ይነግረናል። «መጨረሻው ፈጽሞ አይጠበቅም» የምትለዋ ንጹሕ የምትመስል ዓረፍተ ነገርም ጉዳት አላት። ተመልካቹ ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ ታሪክ መከተሉን ትቶ መርማሪ ፖሊስ ይሆናል፤ የሚያየውን ፊት ሁሉ ይጠረጥራል።

እዚህ ላይ አንባቢ «እውቀቱ ይህን ያህል የማይጎዳ ከሆነ፣ እንዲያውም አንዳንዴ የሚጠቅም ከሆነ፣ ሲነገረን ለምን እንዲህ እንቆጣለን?» ማለቱ አይቀርም። አንዱ መልስ፣ ጉዳቱን አጋንነን መገመታችን ነው። ያንና ሣንግ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 እንዳሳዩት፣ ሰዎች ፍጻሜ መስማት ደስታቸውን ይቀንሰዋል ብለው የሚገምቱት ልክ፣ በተግባር ከሚቀንሰው ይበልጣል። ሁለተኛውን መልስ ግን እኔ አስበልጠዋለሁ። ጃክ ብሬም እ.ኤ.አ. በ1966 ባቀረበው ንድፈ ሐሳብ መሠረት ሰው የመምረጥ ነጻነቱ ሲነካበት፣ የተወሰደበት ነገር ትንሽ ቢሆን እንኳ አጥብቆ ይቃወማል። የመጀመሪያው እይታ አንድ ጊዜ ብቻ የሚገኝ ነገር ነው። ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን እይታ ማንም አይነሣንም፤ ንግሮቹን የምንለቅምበት፣ የካሜራውን አቀማመጥ የምናስተውልበት ጊዜ እንደ ልብ ይገኛል። ሳያውቁ ማየት ግን ካመለጠ አመለጠ። የደጃፉ ወጣት ከሰልፈኞቹ የወሰደው ደስታቸውን ላይሆን ይችላል፤ የእነርሱ የነበረውን ምርጫ ግን ወስዶባቸዋል። ሌቪትና ክሪስተንፌልድም ቢሆኑ አንባቢ ሳይጠየቅ ይነገረው አላሉም፤ ያነበበው ምን ያህል እንደ ወደደ ብቻ ነው የጠየቁት።

ይህን ጽሑፍ ሳዘጋጅ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ረቂቁን እንድታነብልኝ ሰጠኋት። አንብባ ስትጨርስ ስለ ዶፓሚንም ሆነ ስለ ጌሪግ አንድም አስተያየት አልሰጠችም። «ስድስተኛው የስሜት ሕዋስን አላየሁትም፤ መጨረሻው ምንድን ነው?» አለችኝ። አልነግርሽም አልኳት። ፊልሙን በፍላሽ ጭኜ ሰጥቻታለሁ፤ እስካሁን አላየችውም፤ በየጠዋቱ ግን በመምህራን ክበብ ቡና ስንጠጣ ትጠይቀኛለች።